የአሎንዞ ሴራ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም?

በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣውና ዴንዘል ዋሽንግተን ኦስካር የወሰደበት «ትሬኒንግ ዴይ» በተነሳ ቁጥር «የአሎንዞ እቅድ እኮ አያስኬድም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ያስኬዳል ባይ ነኝ። ቀዳዳ አለው፤ ግን ብዙ ሰው በሚጠቁመው በኩል አይደለም። (ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ መጨረሻውን እናገራለሁ።)

አሎንዞ ሃሪስ የሎስ አንጀለስ ዕፅ ተከታታይ ፖሊስ ነው። ላስ ቬጋስ ላይ አንድ የሩሲያ ማፍያ ሰው ደብድቦ ገድሏል። እስከ እኩለ ሌሊት 1 ሚሊዮን ዶላር ካልከፈለ አለቀለት። እናም በሐሰተኛ ማዘዣ የአንድ ዕፅ ነጋዴ ቤት ገብቶ 40,000 ዶላር ይዘርፋል። በዚያ ብር ከትልልቆቹ ሙሰኛ ባለሥልጣናት እውነተኛ ማዘዣ ይገዛል። በማዘዣው የወዳጁን የዕፅ ነጋዴውን የሮጀርን ቤት ያስቆፍርና ከተገኘው 4 ሚሊዮን ሩቡን ያስቀራል። ሮጀርን ራሱ ገድሎ «የተኮሰው ጄክ ነው» ይላል፤ ጄክ ያን ቀን ከሱ ጋር ሥራ የጀመረ ወጣት ፖሊስ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ያለ ሰው ጀማሪ ይዞ ምን ያዞረዋል? መልሱ ቀላል ነው፤ ያለ ጀማሪው እቅዱ የለም። መኪና ውስጥ ሽጉጥ ደቅኖ ፒሲፒ የተባለውን ዕፅ ያስጨሰው ትዝ ይበላችሁ። ስናየው የጉልበተኛ ጨዋታ ይመስላል። ሮጀር ከሞተ በኋላ ልጁ አሻፈረኝ ሲል ግን አሎንዞ የደም ምርመራውን ያነሳበታል። አስቀድሞ ማነቆ አስገብቶለት ነበር። ፊልሙን ደጋግሜ የማየው ለዚህች ነገር ስል ነው።

ፖሊሶች የተኩሱን ቦታ አስተካክለው ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መስጠታቸውም ተረት አይደለም። በ1990ዎቹ እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ራምፓርት በሚባለው ጣቢያ የሆነ ነው። ኮኬይን ሰርቆ የተያዘው ፖሊስ ራፋኤል ፔሬዝ፣ ከባልደረባው ጋር መሣሪያ ያልያዘ ወጣት ተኩሰው ሽጉጥ እንዳስቀመጡበት ተናዘዘ። ወጣቱ 23 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። በዚህ ቅሌት ከ100 በላይ ፍርዶች ተሽረዋል።

ሌላው ወቀሳ የቦርሳዋ ጉዳይ ነው። አሎንዞ ጄክን እንዲገድለው ለወንበዴው ስማይሊ ጥሎት ይሄዳል። የስማይሊ ሰዎች ሊገድሉት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲጥሉት፣ ቀን ከደፋሪዎች ያስጣላት ልጅ ቦርሳ ኪሱ ውስጥ ይገኛል። ልጅቷ ደግሞ የስማይሊ ዘመድ ናት። አጋጣሚው ከበድ ይላል፣ አልክድም። ግን ልጁን ያተረፈው ራሱ የሠራው ሥራ ነው። ልጅቷን ሲያስጥላት አሎንዞ ቆሞ ያይ ነበር።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጄክ ቢሞትስ? በመዝገቡ ሮጀርን የገደለው እሱ ነው። ያው ሰው በዚያው ሌሊት ጠፋ ቢባል መርማሪ አይመጣም? ሚስቱ ከማን ጋር እንደዋለ ታውቃለች። ማዘዣውን የሰጡት ትልልቆችም ቀድመው «ከከተማው ጥፋ» ብለውታል፣ ሸክም ሆኖባቸዋል። ሊሸፍኑለት ምን ያስገድዳቸዋል? የሚሊዮኑን መንገድ በደቂቃ ያሰላ ሰው ለነገ ጠዋቱ መልስ ሳያዘጋጅ ልጁን ለስማይሊ ጥሎ መሄዱ አይዋጥልኝም።