የተመታና ያልተመታ እንቁላል

ሰውን አፍ አውጥቶ ሳይሰድብ መስደብ ለሚሻ ሁለት እንቁላልና ጥቂት ቅቤ ይበቁታል። ይህን ጥበብ የቀሰምኩት ወይዘሪት አሊስ ቶክላስ በ77 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ካሳተሙት የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። የምግብ አሠራር ይባል እንጂ የቅቤውን መጠን ፍለጋ የገባ አንባቢ መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደበላ፣ ማን ምን እንዳለና ማን ሳይጠራ እንደመጣ ይሰማል፤ ቅቤው የሚደርሰው ወሬው ሲያልቅ ነው።

አሊስ የሳን ፍራንሲስኮ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ከደራሲዋ ከገርትሩድ ስታይን ጋር ፓሪስ ውስጥ ወደ 40 ዓመት ገደማ አብረው ኖረዋል። የፒካሶና የማቲስ ሥዕሎች ግድግዳቸውን ሞልተውት ነበር፤ ሠዓሊዎቹም ማዕዱን ይከቡ ነበር። ስታይን ከሊቃውንቱ ጋር ሲከራከሩ፣ የሊቃውንቱን ሚስቶች ማጫወት የአሊስ ድርሻ ነበር።

የዚያ ቤት እውነተኛዋ አጋፋሪ ግን ወጥ ቤቷ ኤሌን ነበረች። ኤሌን ማቲስን አትወድም፤ ምክንያቷም ፈረንሳዊ ሆኖ ሳለ ሳይጠራ ለራት መቆየቱ፣ ይባስ ብሎም ምን እንደተሠራ አስቀድሞ መጠየቁ ነው። የውጭ አገር ሰው ቢሆን ባለማወቁ ይቅር በተባለ ነበር። ስለዚህ ማቲስ ለራት እንደሚቆይ ሲነገራት ኦምሌቱን ትተወውና እንቁላሉን ሳትመታ እንዲሁ ትጠብሰዋለች። የእንቁላሉም ቁጥር የቅቤውም መጠን ያው ነው፤ የሚቀንሰው አክብሮቱ ብቻ ነው፤ እሱም መልእክቱን ይረዳዋል ትል ነበር። ከዚህ የረቀቀ የተቃውሞ ደብዳቤ የጻፈ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ፒካሶ ለምሳ በመጣ ቀን ደግሞ አሊስ አንድ ትልቅ ዓሣ ቀቅለው በቲማቲም ድልህ በቀላ ማዮኔዝ፣ አስኳሉና ነጩ ተለይቶ በወንፊት በተነፋ ቅቅል እንቁላልና በቅጠላ ቅጠል ሸልመው አቀረቡ። ፒካሶ ውበቱን አደነቀ፤ ወዲያውም ይህስ ከእኔ ይልቅ ለማቲስ ክብር የሚገባ አልነበረምን ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ለማቲስ የሚገባው ዓሣ ፒካሶ ፊት ሲቀርብ፣ ለማቲስ የደረሰው ያልተመታ እንቁላል ነው።

አሊስ ራሳቸው ወጥ ቤት የገቡበት ታሪክም አለ። ነፍሱ ያልወጣ ካርፕ የተባለ ዓሣ ተገዝቶ መጥቶ፣ በቢላዋ ጨርሰውት ሲያበቁ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፤ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ሲጋራ ለኩሰው ፖሊስ መጥቶ እስኪወስዳቸው ጠበቁ። ዶሮ አንጠልጥለው በር ላይ ቆመው የሚያርድላቸው ወንድ መንገደኛ ሲጠባበቁ ያሳደጉኝን እናቶች ያስታወሰኝ ይህ ክፍል ነው፤ የእኛዎቹ ቢያንስ ወንጀሉን ለሌላ ያሸክሙታል።

ይህን ሁሉ የእንግዳ ክብር ሲመዝኑ የኖሩት ሴት ግን ስማቸውን ያስጠራላቸው የእንግዳ ስጦታ ነው። ለመጽሐፉ ከወዳጆች በተሰበሰቡት አሠራሮች መካከል፣ ሠዓሊው ብራየን ጋይሲን ሐሺሽ የገባበት የተምርና የለውዝ ጣፋጭ ላከላቸው፤ ለካርታ ተጫዋች ወይዛዝርት ማኅበር እንደሚስማማም ተጽፎበታል። የአሜሪካው አሳታሚ ነገሩ ገብቶት ሲያስቀረው፣ የእንግሊዙ እንዳለ አተመው። ከዚያ ወዲያ ለዓሣው የሚጨነቅ አልተገኘም፤ አሊስ ያልሠሩት ጣፋጭ የአሊስ ሆኖ ቀረ።

እኔን ግን የጎዳኝ ኤሌን ናት። ባለፈው እሑድ ልክ በምሳ ሰዓት አክስቴ ቤት ሳልጠራ ደረስኩና ሁለት እንቁላል፣ አስኳላቸው እንደ ዓይን እያየኝ፣ ቀረበልኝ። አክስቴ ይህን መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ቢሆንም መጠየቄ አልቀረም።

«እትዬ፣ እንቁላሉ ለምን አልተመታም?»

«ደውለህ ብትመጣ ኖሮ እመታው ነበር» አሉኝ፣ እንጀራውን ወደ እኔ እያስጠጉ።