«እባብ ነዋ!»

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ካለ የማሽላ ማሳ አጠገብ፣ ልጆች ከካብ ውስጥ ያወጡትን እባብ በድንጋይ ሲወግሩ ደረስኩ። ቀጭን ነው፣ ቡናማ፣ ሆዱ መሃል ላይ ያበጠ። አንዱ በዱላ ሲያገላብጠው እብጠቱ ምን እንደሆነ ገባን፤ አይጥ ውጧል። ድንጋይ ያቀብሉ የነበሩት አባባ ደግሞ ጠዋት «አይጥ ማሽላዬን ጨረሰው» ሲሉኝ የነበሩት ናቸው። «ምን ዓይነት እባብ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «እባብ ነዋ!» አሉኝ ልጆቹ።

ይህ ትዝ ያለኝ ሰሞኑን የአሜሪካ ጦር የእንስሳት ሐኪሞች ለመጥፋት የተቃረበ እባብ የሚከታተሉ ተመራማሪዎችን እንደሚያግዙ ሳነብ ነው። የወታደር እጅ ለእባብ? መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ግን ተመራማሪዎቹ ሐኪም የፈለጉት ወደው አይደለም። እባብ አንገት የለው፣ መከታተያ መሣሪያ እንደ ማተብ አታስርለትም። ቆዳው ላይ ብትለጥፍበት፣ ቆዳውን ሲያወልቅ አብሮ ይጥለዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በማደንዘዣ ያስተኙታል፣ ጎኑን ትንሽ ቀደው የሬዲዮ መሣሪያ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ቀጭኗን ሽቦ ከቆዳው ሥር ይዘረጋሉ፣ ይሰፉታል። ሲያገግም የተያዘበት ቦታ ይለቁታል። ከዚያ ተመራማሪው አንቴና ይዞ የመሣሪያውን ድምፅ እየተከተለ፣ የት እንደሚያድንና የት እንደሚደበቅ ይደርስበታል።

ጦር ሰፈሩ ራሱ መጠለያ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ያለው የጦር ሰፈር ፎርት ስቱዋርት ሰፊ የጥድ ደን አለው፤ ደኑ አይታረስም፣ ሰፈር አይሠራበትም። እዚያ ኢንዲጎ የሚባል እባብ ይኖራል። መርዝ የለውም፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ብርዱን ኤሊ በቆፈረችው ጉድጓድ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል። መርዛማ እባቦችን ይበላል። እኛ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» እንላለን፤ ይሄኛው በማየት አያበቃም።

ለኛ ጦር ይምጣልን አላልኩም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ሐኪም ያሠለጥናል። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ማደንዘዝና መስፋት የሚያውቅ እጅ ቅርባችን ነው። በሬውና በጉ ይቅደሙ፣ እሺ። ግን በዓመት አንድ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፉን እዚሁ ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ ደን እባቦች ላይ ቢሠራ ምን ይጎድልብናል? በባሌ ሐረና ደን የሚኖር አንድ የእፉኝት ዝርያ እንኳን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ትናንት ማለት ነው!

ፍርሃቱ ይገባኛል። መርዛማም አለ፣ ማሳ ውስጥ በባዶ እግሩ የሚውለውን ሰው «አትግደል» ማለት ለኔ ቀላል ነው። ቢያንስ የገደልነውን ለይተን እንወቀው ነው የምለው።

የዚያን ቀን ልጆቹ እባቡን በዱላ አንጠልጥለው ቦርከና ወረወሩት። ስልኬ በእጄ ነበር፤ ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም።