ጭንቅላት ዳስሶ ጠባይ መናገር፦ ፍሬኖሎጂን ያስፋፋው አላዋቂነት አይደለም

ነጩን የሸክላ ጭንቅላት በፎቶ እንኳ ያላየ ሰው ጥቂት ነው፤ በመስመር ተከፋፍሎ በየክፍሉ «ተስፋ»፣ «ምስጢረኛነት»፣ «ንብረት ወዳድነት» የሚል የተጻፈበት። ዛሬ የመደርደሪያ ጌጥ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ግን የሥራ መሣሪያ ነበር። የሰው ጠባይ ከራስ ቅሉ ቅርጽ ይነበባል የሚለው ይህ ትምህርት፣ ፍሬኖሎጂ፣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ «ያኔ ሰው አላዋቂ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ይህን አልቀበልም። ትምህርቱን ያስፋፉት ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና መጽሐፍ ገዝተው የሚያነቡ ሰዎች ናቸው።

የጀመረው ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል የተባለ ሐኪም ነው፤ ከ1796 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቪየና አስተምሯል። የሐሳቡ መነሻ ጤናማ ነበር፤ የአእምሮ መኖሪያ አንጎል ነው፣ የአንጎል ክፍሎችም የተለያየ ሥራ አላቸው። የተበላሸው ቀጥሎ ነው። አንድ ክፍል ከበረታ ይገዝፋል፣ ከገዘፈም የራስ ቅሉን ወደ ውጭ ይገፋል አለ። በልጅነቱ ዓይናቸው ፈጠጥ ያለ የትምህርት ጓደኞቹ ቃል በቃል የመሸምደድ ችሎታ እንዳላቸው አስተውሎ ስለነበር፣ የቋንቋን ቦታ ከዓይን ጀርባ አደረገው። እንዲህ እያለ 27 ክፍሎችን ለየ፤ ተከታዮቹም ቁጥሩን ከ30 በላይ አደረሱት።

ወደ ብሪታንያ ያመጣው ረዳቱ ሽፑርዛይም ነው፣ በ1814። ሕዝባዊ ያደረገው ግን በስኮትላንድ የኤድንብራው የሕግ ሰው ጆርጅ ኮምብ ነው። በ1820 የፍሬኖሎጂ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1828 ያሳተመው መጽሐፍም በጊዜ ሂደት ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። መልእክቱ ማራኪ ነበር፦ የተፈጥሮን ሕግ የሚያውቅና የሚታዘዝ ሰው ራሱን ማሻሻል ይችላል። የዩኒቨርሲቲ በር ለተዘጋበት የእጅ ሥራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያለ ግሪክና ላቲን፣ በገዛ ጭንቅላቱ ላይ የሚማረው ሳይንስ አገኘ። ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ከዚህ አልራቀም፤ በ1846 ኮምብ የንግሥቲቱን ልጆች ጭንቅላት መርምሯል።

ምርመራው ሥርዓት ነበረው፤ ያሳመነውም በአብዛኛው ይህ ሥርዓት ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሰውየውን ቆዳ፣ ጸጉርና ሰውነት አይቶ ከአራቱ የተፈጥሮ ዓይነቶች በየትኛው እንደሚመደብ ይወስናል። ከዚያ በካሊፐር (ሁለት እግር ባለው መለኪያ) ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከግንባር እስከ ኋለኛው ራስ ይለካል። ቀጥሎ ጭንቅላቱን በመዳፍ ይዳስሳል። ማጅራቱ ላይ የሥጋ ፍቅር፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የልጅ ፍቅር፣ ከጆሮ በላይ አጥፊነት፣ አናት ላይ አክብሮት፣ ከአናት ፊት ለፊት ደግነት አለ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። በ1860 ከአሜሪካ ወደ ብሪታንያ የመጣው ሎሬንዞ ፋውለር ከ1 እስከ 7 በሚደርስ መለኪያ ይሠራ ነበር። ደንበኛው ነጥቡ የተሞላበትን የታተመ ሰንጠረዥ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ከነጥቡ ትይዩ ያለውንም ማብራሪያ ያነባል። በቁጥር የተጻፈ ነገር ደግሞ የተለካ ይመስላል።

ልኩ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነበር። የራስ ቅል ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የውጭው ገጽ የውስጡን ተከትሎ አይሄድም። ከቅንድብ በላይ አጥንቱ ውስጥ አየር የሞላው ክፍተት አለ፤ መጠኑም ከሰው ሰው ስለሚለያይ እዚያ የሚዳሰሰው ጉብታ ስለ አንጎል ምንም አይናገርም። ከጆሮ በላይ ያለውን ቦታ ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻ ሸፍኖታል። ፈላስፋው ዊልያም ሃሚልተን በዚያው በኤድንብራ የግንባሩን ክፍተት ጉዳይ አንስቶ ኮምብን ሞግቶታል።

ታዲያ ለምን አልወደቀም? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ነፍሰ ገዳዩ ቡርክ በ1829 ከተሰቀለ በኋላ ጭንቅላቱ ተለካ፤ ተቃዋሚዎችም የአጥፊነት ቦታው ከሌሎች ሰዎች ያን ያህል እንዳልተለየ ተከራከሩ። ፍሬኖሎጂ ግን ለእንዲህ ያለው ሁሉ ማምለጫ ነበረው፤ ሌላ ክፍል አሸንፎት ነው፣ የተፈጥሮ ዓይነቱ ነው፣ አስተዳደጉ ነው። ሲስማማ ማስረጃ፣ ሳይስማማ ማብራሪያ። ምን ቢገኝ «ተሳስቻለሁ» እንደሚል አስቀድሞ ያልተናገረ ትምህርት በማስረጃ አይረታም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 የንግግርን ቦታ ከዓይን ጀርባ ሳይሆን በግራው የፊት አንጎል ውስጥ አመለከተ፤ ያም ከሞት በኋላ አንጎሉን ራሱን መርምሮ እንጂ ቅሉን ዳስሶ አይደለም። በ2018 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 6,000 በሚጠጉ ሰዎች የኤምአርአይ ምስል ፍሬኖሎጂን ፈተኑት፤ የሚደግፈው ነገር አላገኙም። የብሪታንያ የፍሬኖሎጂ ማኅበር ግን እስከ 1967 ቆይቷል።

ለእኛ የሚቀርበው ጉዳይ በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሆነው ነው። ሐኪሙ ሳሙኤል ሞርተን በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ የራስ ቅሎችን በነጭ በርበሬ ፍሬ እየሞላ ይዘታቸውን ለካ፤ ለነጮች በአማካይ 87፣ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ለመደባቸው 78 ኪዩቢክ ኢንች ጻፈ። «ኢትዮጵያዊ» ያኔ በአውሮፓውያን ምደባ ለጥቁር አፍሪካውያን ሁሉ የተሰጠ ስም ነበር። የጭንቅላት መጠን ከቁመትና ከጾታ ጋር እንደሚሄድ ግን ከሂሳብ አላስገባም። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ የኮምብ ጽሑፍ ታትሟል። ኮምብ ባርነትን ይቃወም ነበር፤ ሕዝቦችን በጭንቅላታቸው ደረጃ ማውጣቱን ግን አልተወም። የስኮትላንዱን ሠራተኛ «ራስህን ማሻሻል ትችላለህ» ያለው ያው መለኪያ፣ በአፍሪካዊው ላይ ሲያርፍ ፍርድ ሆነ።