እርማት፦ «አይ7 ከሆነ ሁሌም ይበልጣል» ስለሚባለው

ሐዋሳ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚፈልጉ ተማሪዎች «ኮር አይ7 ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ፣ ከአይ5 ሁሌም ይበልጣል» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። አይ7 እና አይ5 የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ደረጃዎች ናቸው። ምክሩ በቅንነት ቢሆንም ትክክል አይደለም። ወሳኙ ትውልዱ (ፕሮሰሰሩ የወጣበት ዙር) ነው፦ አይ7-4600ዩ 4ኛ ትውልድ ሲሆን ያለው 2 ኮር (በውስጡ ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው፤ አይ5-8250ዩ ግን 8ኛ ትውልድ፣ ባለ 4 ኮር። አሮጌውን በውድ የገዛ ተማሪ ቀላል ጌም እንኳ ይንቀረፈፍበታል፤ ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይደግፈውም።

ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አትመኑ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚለውን ስትነኩ ሙሉ ስሙና የኮሩ ብዛት ይታያል። ከሰረዙ ቀጥሎ 8250 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ትውልድ ነው።