ሁለት ይሉኝተኞች በታካያማ

አስጎብኚ ለብቻ መቅጠር የባለጸጋ ነገር ይመስላል። አይደለም። አንድ ተማሪ ብቻ ያለበት ክፍል ማለት ነው። ሃምሳ ሆነው ሲማሩ የኋላ ወንበር አለ። ማንቀላፋት አለ። ጎበዙ ተማሪ "እንዴ!" ሲል አብሮ "እንዴ!" ማለት አለ። ለብቻ ሲሆኑ ግን የሚደነቀው እርስዎ፣ ራስ የሚነቀንቀው እርስዎ፣ "ጥያቄ አለ?" ሲባልም ዓይን የሚያርፈው እርስዎ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት ጃፓን ነው። ለሥራ ሥልጠና ናጎያ ሦስት ሳምንት ቆይተን፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ጓደኞቼ ለልጅ ጫማ፣ ለሚስት ክሬም ሊገዙ ወጡ። እኔ "ታሪክ ልጎበኝ ነው" ብዬ ተጀነንኩባቸው። ታካያማ የምትባል፣ ተራራ መሀል የተሸጎጠች የጥንት ከተማ አለች። ከናጎያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የሦስት ሰዓት የእግር ጉብኝት፣ ለእኔ ብቻ፣ አስቀድሜ ከፍያለሁ።

ባቡሩ በደቂቃው ደረሰ። ጣቢያው በር ላይ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን አዛውንት ስሜን በወረቀት ይዘው ቆመዋል። እጅ ነሱ። እጅ ነሳሁ። ደገሙኝ። እኔም ለታላቅ ጎንበስ ማለትን ተቆንጥጬ የተማርኩ ልጅ ነኝና በዚህስ አልሸነፍም ብዬ ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ወገቤ ጠቅ ሲያደርገኝ ለቀቅኩላቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነው የዋልኩት።

"ከየት አገር ነዎት?"

"ከኢትዮጵያ።"

"አቤቤ!" ብለው ጮኹ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጃፓን ላይ ሰው ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ማራቶኑን ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው በቴሌቪዥን አይተውታል። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነውም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ሰውዬ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ሲደርስ አበበ ሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህን ሁሉ ከነሰከንዱ ነገሩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እግሬ ወረደ።

እኔም አየሁት። ከቢሮ ወንበር እስከ ሊፍት፣ ከሊፍት እስከ ቁርጥ ቤት የሚመላለስ እግር ነው። በላዩ የተጫነው ቦርጭም የማራቶን ሯጭ አያስመስልም።

"የዛሬው ጉዞ ሜዳ ሜዳውን ብቻ ነበር" አሉ። "ለእርስዎ ግን ያ ማሟሟቂያ ነው። የቤተ መቅደሶቹን መንገድና የግንቡን ኮረብታ ልጨምርልዎት?"

እስቲ ማነው በአበበ ስም ተጠርቶ "ኧረ እኔስ ይቅርብኝ" የሚል? "በጣም ደስ ይለኛል!" አልኩ። የአገር ስም ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የገባነው ጂንያ የሚባለው የድሮ መስተዳድር ግቢ ነው። ሾጉን የሚባለው፣ ያኔ ጃፓንን የሚገዛው የጦር አለቃ መንግሥት በ1692 ካናሞሪ የሚባሉትን ገዢዎች ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ አካባቢውን በቀጥታ በእጁ አደረገ። ዓይኑ ያረፈው ደኑና ማዕድኑ ላይ ነው። ከዚያ እስከ 1868 ድረስ 25 ሹማምንት ተፈራርቀውበታል። የሚገርመው ከዚያም በኋላ እስከ 1969 መንግሥት ቢሮ አድርጎ ሲሠራበት መቆየቱ ነው። አበበ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ እዚህ ገና ማኅተም ይመታ ነበር ማለት ነው።

በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ልክ ጫማዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከካልሲው ብቅ ብላ አዲሱን አገር ተመለከተች። ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፍኩ። የባሰ ወጣች። ሽማግሌው አይተዋታል። ዞር አሉና በጣም በአክብሮት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሮም፣ 1960" አሉ።

ምስጋናም ሊሆን ይችላል።

ግቢው ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር አለ። ሳንቃው ላይ የተመቱት ምስማሮች እንዳይታዩ በጥንቸል ቅርጽ ጌጥ ተሸፍነዋል። ለምን ጥንቸል? ጆሮዋ ረጅም ነው፤ ሹም የሕዝብ ድምፅ ይስማ ለማለት ነው ይላሉ። ይህን ጥንቸል እኔ የማውቃቸው ስንት ቢሮዎች በር ላይ ብመታው! እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ተከሳሽ የሚመረመርበት ቦታ አለ። የማሰቃያ ዕቃው ሁሉ በየተራው ተደርድሯል። ሕዝቡን የመስሚያው መንገድ ሁለት ነበር ለካ።

ከጂንያው ፊት ለፊት ገበያ አለ። አሮጊቶች ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በጨው የተጣለ አትክልት ይሸጣሉ። ሽማግሌው በእንጨት የተሰኩ የሩዝ ሊጥ ድብልብሎች ገዙልኝ። በአኩሪ አተር መረቅ ነክረው ከሰል ላይ ይጠብሷቸዋል። ሌላው ጃፓን ያጣፍጣቸዋል፤ የታካያማዎቹ ግን ስኳር የላቸውም። ቆማችሁ በልታችሁ እንጨቷን ለሻጯ መመለስ ነው ደንቡ። እኔ እንጨቷን እንደያዝኩ ሄድኩ። ጃፓን መንገድ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት የለም። ኪሴ ከተትኳት። ከዚያ በኋላ እጅ በነሳሁ ቁጥር ጭኔን ትወጋኛለች።

ቀዩን ድልድይ ተሻግረን ሳንማቺ ደረስን። የታካያማ ልቧ ይህ ነው። ሦስት ጠባብ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ በጭስ የጠቆሩ የሚመስሉ የእንጨት ቤቶች፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ፊታቸው በቀጭን እርብራብ የተጋረደ። ነጋዴዎች ነበሩ የሚኖሩባቸው። ከፊት ለፊት ሲታዩ ደሃ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ሲገባ ግን የጣሪያው ወራጅ ቀና ብለው አይተው አይጠግቡትም። ግብር ሰብሳቢ ጎረቤት ሲሆን ቤት እንዲህ ነው የሚሠራ። የአናጢዎቹም ነገር የተለየ ነው። ይህ ተራራማ አገር የሩዝ ደሃ ስለሆነ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ግብር በእህል አትክፈሉ፣ አናጢ ስጡን ተባሉ። ከየመንደሩ አሥር አሥር ሰው ዋና ከተማ እየወረደ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ይሠራ ነበር። ግብር ሊከፍል ሄዶ ሙያ ተምሮ የሚመለስ ሕዝብ እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራ ምን ይገርማል?

አንድ በር ላይ ትልቅ ኳስ ተሰቅሏል። ሱጊ ከሚሉት ጥድ መሳይ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው። "የንብ ቀፎ ነው?" አልኩ፤ ጥያቄ ከጠየቅኩ ቆየት ብዬ ነበርና ዕዳዬን ልቀንስ ብዬ። ሳኬ የሚሉት የሩዝ መጠጥ ጠማቂ ቤት ምልክት ነው አሉ። አዲስ ሳኬ ሲጠመቅ አረንጓዴውን ይሰቅሉታል፤ ሳኬው እየበሰለ ሲሄድ ኳሱም እየደረቀ ቡናማ ይሆናል። እኔም በተራዬ እኛ ዘንድ ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ እንደሚሰቅል ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ጻፉ። ጣሳው ጠላው መቆምጠጡን እንደማይናገር ግን አልነገርኳቸውም። የአገር ገመና ነው።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆነ። የከፈልኩበት ሦስት ሰዓት አለቀ። ሂዳ የሚባለው የዚህ አካባቢ የበሬ ሥጋ በከሰል እየተጠበሰ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ሽማግሌው ቆሙ።

"ራብዎት?"

"ኧረ ምንም!" አልኩ።

እዚህ ላይ ስህተቱ የማን እንደሆነ ዳኙኝ። እኛ አገር "ኧረ ምንም" የመጀመሪያው ዙር ነው። ሁለተኛው "እንዴ፣ በሞቴ!" ነው። ሦስተኛው ላይ እጅ ተይዞ ይገባል። እኔ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው። ሽማግሌው ግን በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁና መንገድ ቀጠሉ። አቤቤም በሩጫ ላይ ምሳ አልበላም መሰለኝ።

የሱቆቹ መስኮት ላይ ሳሩቦቦ የምትባል ቀይ የጨርቅ አሻንጉሊት ተደርድራለች። ስሟ የጦጣ ግልገል እንደማለት ነው። ድሮ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ከክፉ እንድትጠብቅ ይሰፏት ነበር። ዓይንም አፍም የላትም። ሲርባት አይታወቅባትም፣ ሲደክማት አይታወቅባትም። ቀናሁባት።

የቤተ መቅደሶቹ መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በዝርዝር አልናገርም። ብዙ ደረጃ ነበረ። የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ አደነቅኩ፣ አራተኛውን አመሰገንኩ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ይቅር ብያለሁ። ሽማግሌው ከፊቴ ይሄዳሉ። አልፎ አልፎ ይቆሙና ስለ አንድ ዛፍ ረጅም ነገር ያወራሉ። እኔም ስለዚያው ዛፍ ረጅም ጥያቄ እጠይቃለሁ። ስለ ዛፍ ያን ያህል ተጨንቄ አላውቅም። ቆሞ መተንፈሻ የሆነ ዛፍ ግን ይወደዳል።

ከዚያ የግንቡ ኮረብታ። ወጣን፣ ወጣን፣ ወጣን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግንብ የለም።

"የታለ?" አልኩ፤ ድምፄ ተቆራርጦ።

"በ1695 አፍርሰውታል" አሉ።

ይህን ከታች ሆነውም ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ግን እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለታችንም አየነው። "ይቀመጡ" አሉኝ። "ኧረ እርስዎ ይቀመጡ" አልኩ። "እኔ ደህና ነኝ፤ እርስዎ እንግዳ ነዎት።" "እርስዎ ታላቅ ነዎት።" እጅ ነሱ። እጅ ነሳሁ፤ እንጨቷ ወጋችኝ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ሁለታችንም ግራና ቀኙ ላይ እንደ ክብር ዘበኛ ቆመን ከተማዋን ቁልቁል ተመለከትን።

ስልካቸው ጮኸ። "ሃይ" አሉ፤ "እሺ" እንደማለት ነው። "ሃይ፣ ሃይ።" ለስልኩም ጎንበስ ይላሉ። ሲጨርሱ ፊታቸው እንደ ሳሩቦቦ ቀልቷል።

"ባለቤቴ ናት። ያለሁበትን ነገርኳት፣ ተቆጣች። ባለፈው ዓመት ጉልበቴን ኦፕራሲዮን አድርጌ ነበር። ሐኪሙ ዳገት አትውጣ ብሎኛል።"

"ታዲያ ለምን ወጣን?"

"እርስዎ አይደክምዎትም። የአቤቤ አገር ሰው መሀል መንገድ ላይ እንዴት እንመለስ እላለሁ?"

ያን ጊዜ ተናዘዝኩ። እኔን ከአበበ ቢቂላ ጋር የሚያገናኘኝ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ በተሰየመው ስታዲየም አጠገብ በሚኒባስ ማለፌ ብቻ ነው አልኳቸው። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንደራበኝ፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ እንደደከመኝ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከጂንያው ጀምሮ ጉልበታቸው እንደሚጠዘጥዛቸው፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሆዳቸው እንደጮኸ፣ እኔ "ምንም" ስል ተስፋ እንደቆረጡ ነገሩኝ። "ኤንሪዮ" እንለዋለን አሉ። ለሰው ብሎ ራስን መያዝ፣ መቆጠብ። እኛ "ይሉኝታ" እንለዋለን አልኩ። ደብተራቸውን አውጥተው ከጣሳው ሥር ጻፉት። ከዚያ ተቀመጥን። "ኡፍፍ" የሚለው ቃል ትርጉም አላስፈለገውም።

በታክሲ ወረድን። ትንሽ፣ ጨለምለም ያለች፣ አሮጌ ቡና ቤት ገባን። ሜኑው ላይ "ሞካ" የሚል አለ። ባለቤትየዋን ከየት ነው ሲሏት ከኢትዮጵያ ነው አለች። የእኛው ቡና፣ በየመን ወደብ ስም፣ ጃፓን ተራራ ላይ! ሽማግሌው ለእኔ ብለው ሁለት አዘዙ። ከዚያ "ይቅርታ፣ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብለው እያነከሱ ወደ በሩ በኩል ሄዱ። ሴትዮዋ ውኃውን እንደ ጠበል ጠብ ጠብ እያደረገች ቡናውን ለማጥለል ሩብ ሰዓት ፈጀች። አልቸኮልኩም። ወንበር ላይ ነኝ።

ጠጣን። ዳቦ በእንቁላልም በላን። ከዚያ ሐሳብ ያዘኝ። የሦስት ሰዓት ከፍዬ ስድስት ሰዓት ተኩል አስጎብኝተውኛል፤ ያውም በታመመ ጉልበት። ጉርሻ እንዳልሰጥ ጃፓን ጉርሻ አይቀበልም። የቀረኝ ሒሳቡን መክፈል ብቻ ነው። እንክፈል ካልኩ ደግሞ "እኔ ልክፈል"፣ "በፍጹም፣ እኔ ልክፈል" ተባብለን ባቡሩ ያመልጠኛል። በዚህ ግን ማንም አይበልጠኝም፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ።

"ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" አልኩ።

በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄድኩ። ቦርሳዬን አውጥቼ፣ ጀርባዬን ለሽማግሌው ሰጥቼ፣ ለሴትዮዋ በምልክት "ስንት ነው?" አልኳት። ሁለት ጣቶቿን አጣምራ መስቀል ሠራች። የለም ማለቷ ነው። ብር አወጣሁ። አሁንም መስቀል። ከዚያ በአገጯ ወደ ጠረጴዛችን ጠቆመችኝ። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ተራራውን በጣም በጥሞና እያዩ ነው።

ሴትዮዋ ግራ የተጋባሁ መስሏት አዘነችልኝ። እጇን ዘርግታ ሽንት ቤቱን አሳየችኝ። በዚያኛው በኩል ነበር።