በደረጃ 3 እና በደረጃ 4 መሀል ምን ተፈጠረ?

ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብሶቴ ስለ ሥዕል ማስተማሪያዎች ነው። በተለይ «የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ደረጃ በደረጃ እንሣል» ስለሚሉት።

ልጄ ፖሊስ መሣል ትወዳለች። ኮፍያው፣ ቁልፎቹ፣ ቀበቶው፣ ትከሻው ላይ ያለው ማዕረግ፣ ሁሉም ያስደስታታል። ማስተማሪያ ከፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ደረጃ 1፣ ክብ። ደረጃ 2፣ ከክቡ ሥር ሣጥን። ደረጃ 3፣ ለእጅና ለእግር ቀጫጭን መስመሮች። እስከዚህ ድረስ ማንም ይከተላል። ደረጃ 4 ላይ ሙሉ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀናል። ፊቱ አልቋል። ልብሱ ተተኩሷል። የደረት ኪሱ ክዳን አውጥቷል። ጫማው ያበራል። ከሥሩ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ «አሁን ዝርዝሩን ጨምሩበት።»

የቱን ዝርዝር? ከየት ተነስተን? በምን መጠን? ትምህርቱ እኮ ይኼ ነበር! ክብ መሣልማ ልጅቷ ድሮም ትችላለች። የመጣነው ክቡ እንዴት ፊት እንደሚሆን፣ ሣጥኑ እንዴት ደረት እንደሚሆን ለማየት ነው። እሱን ዘልሎ አስተማርኩ ማለት የልጅ ጊዜ መብላት ነው።

ከቁመቱ እንጀምር። የአዋቂ ሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ሰባት ተኩል ያህል ይሆናል። ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ስምንት ያደርጉታል። አዲስ ግኝትም አይደለም። ጭንቅላት የቁመት አንድ ስምንተኛ ነው ብሎ የጻፈው የጥንቱ ሮማዊ የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም እ.ኤ.አ. 1490 አካባቢ በክብና በካሬ ውስጥ እጁን የዘረጋውን ሰው የሣለው ከዚሁ ተነስቶ ነው። ይህን ለልጅ መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «የሣልሽውን ጭንቅላት ከአናቱ ጀምረሽ ወደ ታች ስምንት ጊዜ ለኪ፤ ጫማው እዚያ ያርፋል። ግማሹ ላይ እግሮቹ ይለያያሉ። ክርኑ ወገቡ ጋ ነው፤ ጣቶቹ ጭኑ መሀል ይደርሳሉ።» በቃ! ይህ ስላልተነገራት ጭንቅላቱን አግዝፋ ትጀምራለች። ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ ያልቅባታል። የቀረውን እግር አሳጥራ ታስገባዋለች፤ ፖሊሱ የአባቱን ልብስ የለበሰ ሕፃን ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የእሷ ነው?

ደግሞ ያ መነሻ መስመር! ማስተማሪያዎቹ ክቡንና ፊቱን የሚከፍለውን መስቀለኛ መስመር አድምቀው ያሰምሩታል፤ ስክሪን ላይ እንዲታይ ነው። ይገባኛል። ግን አንድም ሰው «እናንተ ግን እጃችሁን አቅልላችሁ ሥሩ» አይልም። ልጅ ያየችውን ነው የምታደርገው። እርሳሷን ተጭና ታሰምራለች። በመጨረሻ «መነሻ መስመሮቹን አጥፉ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። እሺ ብላ በላጲስ ትፈገፍጋለች። ቀለሙ ይለቃል፤ ወረቀቱ ላይ የተቀረጸው ቦይ ግን የትም አይሄድም። ፊቱን ስታጠቁረው ያ ቦይ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል፤ በአፍንጫው መሀል ከላይ እስከ ታች። ጠንከር ያለ ባለ 2ኤች እርሳስ በስሱ መጠቀም፣ ዋናውን መስመር ለስለስ ባለው በ2ቢ ማስመር። ይህን ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ወደ ኮፍያው ልምጣ። በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

በሁሉም ማስተማሪያ ላይ ኮፍያው እንደ ድስት ክዳን ከላይ ጣል ይደረጋል። ጭንቅላቱ ከነፀጉሩ ተሥሎ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። የፖሊስ ኮፍያ ግን እንዲህ አይቀመጥም። ዙሪያውን የሚይዘው መቀነት ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ። ዓይን የጭንቅላቱ ግማሽ ላይ ስለሆነ ኮፍያው ዝቅ ብሎ ይገባል እንጂ አናት ላይ አይንሳፈፍም። የላዩ ክፍል ከጭንቅላቱ ይሰፋል፤ ከአናቱም ከፍ ይላል። መቀነቱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ጭንቅላቱን የሚዞር ቀለበት ነው። ፖሊሱን ከታች ወደ ላይ ካየነው ቀለበቱ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ከላይ ካየነው ወደ ታች። ከፊት ወጣ ያለው ክፍል ቅንድቡን ሊጋርደውና ዓይኑ ላይ ጥላ ሊጥል ይገባል። ፖሊሱ ኮስተር ያለ የሚመስለው ግማሹ በዚያ ጥላ ነው! ይህን ሳያውቅ የሣለ ሁሉ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ ቅንድቡን ሲያጠቁር ይውላል። ፊቱ ግን አሁንም የተደናገጠ ሰው ፊት ነው።

በነገራችን ላይ የእኔ ልጅ መሣል የምትፈልገው ሴት ፖሊስ ነው። ከከፈትናቸው ማስተማሪያዎች አብዛኞቹ ላይ ሴት የለችም። ያለችበት ላይም ረጅም ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኖ፣ ወገቧ እንደ ክር ቀጥኖ ነው። ሥራ ላይ ያለች ፖሊስ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ታስረዋለች። ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ከደረበችማ ወገብ የሚባል ነገር አይታይም፤ ደረቷና ሆዷ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ለመሣል ከባድ አይደለም። ማየት ብቻ ነው።

ልብሱስ? ማስተማሪያው ላይ ሸሚዙ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። እውነተኛ ጨርቅ ግን ሰውነት በታጠፈበት ይሸበሸባል፣ በተወጠረበት ይለሰልሳል። ክንድ ሲታጠፍ ሽብሽቡ በክርኑ ውስጥ በኩል ይሰበሰባል፤ ውጪው ይወጠራል። ከብብት ወደ ደረት ሁለት ሦስት መስመር ይሄዳል። ከቀበቶው በላይ ሸሚዙ ትንሽ ያብጣል። ሱሪው ጫማው ላይ ሲያርፍ ይታጠፋል። ይኸው ነው። ልጅ እንኳ በራሷ እጅጌ ላይ አይታ ልትሥለው ትችላለች፣ አንድ ሰው «ክርንሽን አጥፊና እይ» ካላት።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ አለው። የብዙ አገር ፖሊስ ጥቁር ሰማያዊ ይለብሳል። እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ሰማያዊ የለበሰው ቀይ ከሚለብሰው ጦር ሠራዊት እንዲለይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። ለሠዓሊ ግን ጥቁር ልብስ ፈተና ነው። «ዩኒፎርሙን አጥቁሩት» ተብላ ልጄ አጠቆረችው። ያን ያህል ለፍታ የሣለቻቸው ኪሶች፣ ቁልፎች፣ ኮሌታው፣ ሁሉም ተውጠው ጠፉ። እንባዋ መጣ። የኪሱ ክዳን ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ተዪ፣ መጀመሪያ መለስተኛ ግራጫ አልብሺው፣ ድፍን ጥቁሩን ለብብት ሥርና ለቀበቶው ሥር አስቀምጪ ያላት የለም። ይህንን የሚያውቀው ሠዓሊ በራሱ ሥዕል ላይ አድርጎታል እኮ! ሥዕሉ ላይ በግልጽ ይታያል። አፉ ግን አልተናገረም።

እጅን በተመለከተማ ሁሉም ይሸሻል። እጆቹ ወይ ወደ ኋላ ተጣምረዋል፣ ወይ ኪስ ውስጥ ናቸው። ለሥዕሉ ይመቻል፤ ለተማሪው ግን ምንም አይሰጥም። ልጅ ፖሊስ ስትሥል የምትፈልገው ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጥ ነው። ሰላምታ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል፤ አንዱ ዘንድ መዳፉ ወደ ፊት ይታያል፣ ሌላው ዘንድ ወደ ታች ዘንበል ይላል። ጣቶቹ ግን ገጥመው አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። ስለዚህ ከተዘረጋ እጅ ይልቅ ሰላምታ ለጀማሪ ይቀላል። አምስት ጣት ለየብቻ መሣል የለም። ይህን ዕድል ለምን ያባክኑታል?

ቪዲዮዎቹን ሳነሳ ደግሞ ደሜ ይፈላል። እጁ ይሮጣል። ሙዚቃው ይጮኻል። ኪሱን ጀመረ ስንል ካቴናው አልቋል። ወደ ኋላ እንመልሳለን፣ እናቆማለን፣ እንደገና እንመልሳለን። ባቆምንበት ሰከንድ ላይ የሚታየው የሰውየው አውራ ጣት ነው።

እኔን ያስቆጣኝ ግን ሥዕሉ መበላሸቱ አይደለም። ወረቀት ሞልቷል። ልጄ እርሳሷን አስቀምጣ «እኔ ሥዕል አልችልም» አለችኝ። አልችልም! ትናንት ማንም ሳያሳያት ቆመጥ የያዘ፣ ፊሽካ የሚነፋ ፖሊስ ሥላ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ የነበረች ልጅ ናት። ይህን ቃል ያስገባባት ያ ከ3 ወደ 4 የተዘለለው ነገር ነው። ልጅ አስተማሪው ዘሏል ብላ አታስብም። እኔ ነኝ ያልገባኝ ነው የምትለው። አዋቂውም እንዲሁ ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ዓይነት ማስተማሪያ ተስፋ ቆርጦ እርሳሱን ጥሎ ይሆን?

ስለዚህ ማስተማሪያ የምትሠሩ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ። ደረጃው አርባም ይሁን፣ አይሰለቸንም። ኮፍያው የት እንደሚያርፍ ንገሩን። የጭንቅላቱን ልክ ስትወስዱ አሳዩን። መነሻውን መስመር በስሱ አስምሩት፤ ካልታየ ካሜራውን አቅርቡት። ቀበቶው ወገብን እንደሚዞር፣ ጎን ላይ ያለው የካቴና ቦርሳ ከፊተኛው ዘለበት ጠበብ ብሎ እንደሚታይ በአንድ ቃል ጥቀሱልን። ፍጥነቱን ተዉት፣ እንዳለ ይሁን። ሙዚቃውንም ተዉት። እጃችሁን ደግሞ ከእርሳሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ገለል አድርጉልን፤ የምናየው እሱን ነው።