ጥናቱ አሞራ ገደልም ይድረስ

ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎንና አፖ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣና በዳርቻው ያለው የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል፣ ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ሱሚሎን ላይ የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ዓሣ ከሚኖርበት የደሴቷ የኮራል ሪፍ (የባሕር ውስጥ ዛጎል አለት) ሩብ ያህሉን ከማስገር ዘጉ። ዓሣው በዛ። ጥበቃው ግን የዩኒቨርሲቲው እንጂ የነዋሪው አልነበረም። በ1980ዎቹ ፖለቲካው ሲገለባበጥ መረብ ተመልሶ ገባ፤ ምርቱም በግማሽ ያህል ወረደ።

አፖ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ባዮሎጂስቱ አንጄል አልካላ የአፖን አስጋሪዎች ሱሚሎን ድረስ ወስዶ አሳያቸው። ብዙዎቹ አላመኑትም። እሺ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1982 450 ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ ከለሉ። ጥበቃው ተረኛ ሰው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ በቃ። ዓመታት አልፈው ከተከለለው ቦታ ጠርዝ ጥሩ ዓሣ መያዝ ሲጀመር፣ እምቢ ያሉትም ተቀላቀሉ።

እኛ ደሴት ባይኖረንም ሐይቃችን ከደሴት አይሻልም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ደለሉም ቆሻሻውም እዚያው ነው የሚቀረው። ዓሣውም ሌላ መሄጃ የለውም።

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያን) እንውሰድ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። መረብ ውስጥ ገብታ ስትጎተት እንቁላሉን ትተፋዋለች። አሞራ ገደል ያለ አስጋሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ጀልባው ውስጥ ሲፈስ ያየዋልና። ጫጩቶቹ የሚያድጉት ዳር ዳሩን፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። ደንገሉን ግን አንዱ ለከብት ያጭደዋል፣ ሌላው ሐይቁ ወለል ብሎ እንዲታየው ይመነጥረዋል። (ጥብሱን ስናዝ ይህን የሚያነሳ የለም።)

ተመራማሪው ይመጣል፣ ዓሣ ይለካል፣ ይመዝናል፣ ይሄዳል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል። ዓሣውን ያስለካው ሰው ምን እንደተገኘ አይሰማም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ሲመጣ ደግሞ «አስጋሪው አይተባበርም» እንባላለን። ለምን ይተባበር?

ሕግማ አለ፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው። ችግሩ ሌሊት ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚጥለውን ሰው አዋጅ ብቻውን አይይዘውም። የሚይዘው ጎረቤቱ ነው፣ እሱም የተከለለው ቦታ የራሴ ነው ካለ።

ስለዚህ እንዲህ ቢጀመርስ? አስጋሪዎቹ ራሳቸው ደንገል ያለበት አንድ አጭር ዳርቻ ይምረጡ። ተመራማሪዎቹ ከመከለሉ በፊትና በኋላ ያለውን ዓሣ ከእነሱ ጋር ይመዝኑ። ውጤቱ ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ጀልባ ማቆሚያው ላይ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ይነገር፣ መጥፎም ከሆነ። «እስከዚያ ልጆቼን ምን ላብላ?» የሚል አስጋሪ እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ቦታው ትንሽ ይሁን የምለው። ቦታውን የሚጠብቀው ተረኛ የቀን አበልም ከጥናቱ በጀት ይከፈል፤ ለመስክ መኪና ነዳጅ ሲመደብ ለእሱ የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።